የግብፁ መሐላ

በእኛ ቤት የማያረጅ ቀልድ አለ። ወንድሜ አንድን ነገር ለማስረገጥ «ማርያምን!» ብሎ ሲምል፣ አባባ ከወንበሩ ሳይነሣ «የትኛው ነው? የግብፁ መሐላ ነው?» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የወንድሜ ሚስት እንኳ ነገሩ ከየት እንደተጀመረ ሳታውቅ አብራን መሳቅ ከጀመረች ቆይታለች። ወንድሜም ፈገግ ይላል። ዘንድሮ ለፋሲካ ግን ፈገግ አላለም። ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «እጄን ልታጠብ» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ሁላችንም በልተን ጨርሰን ነበር።

እኔ ደግሞ ጠባዬ አስቸጋሪ ነው። አንድ ነገር ከቆረቆረኝ እኔም አላርፍ፣ ሰውም አላሳርፍ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንቺ ልጅ፣ ነገር ታኝኪያለሽ እንጂ አትውጪም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ያንን ቀልድ የወለደውን ጌም ፈልጌ ላገኘው ቆረጥኩ። ስሙን አላስታውሰውም። በጭንቅላቴ የቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ራሱን የተላጨ አንድ ጸሐፊና የውኃ ድምፅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ትቶለት ሄደ። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ቡፌው ላይ የነበረው ብርጭቆ ሁሉ ተነሣና ኮምፒውተሩ ነገሠበት፤ እናቴም ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። የሰፈሩ ሰው ሊያየው መጣ። «ፊልም ያሳያል?» አሉ። «አያሳይም።» «ዘፈንስ?» «አይዘፍንም።» «ታዲያ ምን ያደርጋል?» «ያስተምራል» አለ አባባ ደረቱን ነፍቶ። አዝነውለት ሄዱ።

አብሮት የመጣው ሲዲ አንድ ብቻ ነበር፤ የጥንት ግብፅን የሚያስተምር ጌም። ሲጀምር አባይ ዳር ባዶ መሬትና ጥቂት ሰዎች ይሰጥሃል። ታርሳለህ፣ ጎተራ ትሠራለህ፣ ቤት ትቀልሳለህ፤ በየዓመቱ ወንዙ ይሞላል። ውኃው ካነሰ ሰው ይራባል፣ ከበዛ ቤት ይወሰዳል። በመሀል ያ ራሱን የተላጨ ጸሐፊ ከስክሪኑ ጥግ ብቅ ይልና ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከመለስክ እህል ይጨመርልሃል። አንድ ቀን «የዚህ ወንዝ ውኃ ከየት ይመጣል?» ብሎ ጠየቀን። ትክክለኛው መልስ «በደቡብ ካሉ ሩቅ ተራሮች» የሚል ነበር።

«ሩቅ?» አለ አባባ። «ለማን ነው የራቀው?»

ውጭ የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አሥር ዓመቴ ነበር፤ በደስታ ዘልዬ ተነሣሁና «አባባ፣ ይሄ የእኛ ጣሪያ ውኃ ነው እነሱ ጋ የሚሄደው?» አልኩት። አባባ ልጅ ደስ ይበላት ብሎ የጂኦግራፊ ስሕተት የሚያልፍ ሰው አይደለም። «የእኛ ጣሪያ ውኃ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው» አለኝ። «ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ የዘነበው ግን አባይ ይገባል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ከእንጦጦ ማዶስ ዘንቦ ይሆን? እያልኩ መጨነቅ ጀመርኩ። ከተማችን ውኃ እንዳያንሳት ነበር ጭንቀቴ።

አዎ፣ ከተማችን። ያን ክረምት ሙሉ ሦስታችን አንዲት ከተማ ሠርተናል። አባባ ይወስናል፣ በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ማውሱን ይይዛል፣ እኔ በሁለቱ መሀል ተሸጉጬ እከራከራለሁ። ስሟን ዶሮ ማነቂያ አልናት። ፈርዖን ቢሰማ ምን ይል ነበር እንጃ! ቤተ መቅደስ ነበራት፣ የወደብ ገበያ ነበራት፣ ዘጠኝ ጎተራ ነበራት። አባባን የሚያበሳጨው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ግርጌ ላይ የሚታየው የፈረንጅ ቀን። «ይሄ ማሽን ምን አስቸኩሎት ነው ስምንት ዓመት ቀድሞን የሄደው?» ይላል፣ በየቀኑ፣ እንደ አዲስ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ወንድሜ ብቻውን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። እኩለ ቀን ላይ አባባ መጣና የከተሞቹን ዝርዝር ከፈተ። ጌሙ አራት ከተማ ብቻ ነው የሚይዘው። እኔና ወንድሜ ለሙከራ ጀምረን የተውናቸው ሦስት ኮሳሳ መንደሮች እንዳሉ አሉ። ዶሮ ማነቂያ ግን የለችም። በእሷ ቦታ የወንድሜ ስም ያለበት አዲስ መንደር ተቀምጧል።

«ማን ነው?» አለ አባባ።

«እሱ ነው!» አልኩ። «ሲያጠፋት አይቼዋለሁ!»

ወንድሜ ብድግ አለ። «ማርያምን አልነካኋትም! የራሴን ጀመርኩ እንጂ እሷን አልነካሁም። ማርያምን!»

አባባን ከከተማዋ መጥፋት ይልቅ መሐላው አሳበደው። በእመቤታችን ስም በሐሰት መማል በእኛ ቤት ከስርቆት ይብሳል። ወንድሜን ወደ ግቢ አወጣውና እውነቱን እስኪናገር ድረስ ጠጠር ላይ አንበረከከው፣ እጆቹን ወደ ላይ አስደርጎ። እናቴ ለመነች፣ ጎረቤት ለመነ። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ልዋሽ አልችልም፣ ያኔ አላዘንኩለትም፤ ያሳዘኑኝ ዘጠኙ ጎተራዎች ነበሩ። በመጨረሻ «እሺ፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አለ። አባባም «ተነሥ» አለው። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን አልነካም፤ ንካ ያለውም የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተበላሸና ቆራሌው ወሰደው።

ዛሬ ወንድሜ ፒያሳ፣ አንድ ወርቅ ቤት ከጀርባው ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወርቅ ይሠራል። የክር ያህል የቀጠነ የአንገት ሐብል ቢበጠስ መጋጠሚያው እንዳይታይ አድርጎ ይቀጥለዋል። ስልኩ ላይ ግን ከመደወል በቀር ምንም አይነካም። ገንዘብ ላክ ሲባል እንኳ ስልኩን ለሚስቱ ያቀብላታል። ጀለሶቹ ሙድ ሲይዙበት «ተዉኝ፣ የእኔ እጅ ነገር ያበላሻል» ይላል። ይህን ሲል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አንድም ቀን «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ጠያቂ ነኝ ባይዋ እኔ።

የእኔም መሥሪያ ቤት ከፒያሳ አይርቅም። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት አንድ ኬክ ቤት ጥግ ላይ ላፕቶፔን ዘርግቼ ያንን ጌም ፈለግኩ። «የድሮ ጌም፣ ግብፅ፣ ራሱን የተላጨ ጸሐፊ» ብዬ ስንት ዓይነት አድርጌ ጻፍኩት። ያልመጣ መላጣ የለም! አስተናጋጁ ማኪያቶዬን ሲያስቀምጥ ስክሪኑን አየት አድርጎ «እመቤት፣ ባል ነው የሚፈለገው?» አለኝ። በስተመጨረሻ፣ ለካ ፈረንጆቹ የአሮጌ ጌም ማጠራቀሚያ የሚሆን ድረ ገጽ አላቸው፣ እዚያ ውስጥ አገኘሁት። ስነካው የውኃው ድምፅ መጣ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ምሳ ቀርቧል፣ ግብፅን ተዉአት» የምትል መሰለኝ።

ጌሙ እንደማስታውሰው ትልቅ አልነበረም። ሰዎቹ የምስር ፍሬ ያህላሉ። በልጅነቴ ባሕር የመሰለኝ ወንዝ ሰማያዊ መስመር ነው። ቢሆንም ልተወው አልቻልኩም። የመጀመሪያዋ ከተማዬ ራበች፣ ሁለተኛዋን ጎርፍ ወሰዳት። ጸሐፊው የወንዙን ጥያቄ ሲጠይቀኝ «ከእንጦጦ ማዶ» የሚል ምርጫ አለመኖሩ አናደደኝ። ሦስተኛና አራተኛ ከተማ ጀመርኩ። አምስተኛዋን ሴቭ ሳደርግ ግን የመጀመሪያዋ ከዝርዝሩ ጠፋች። ጌሙ «ላጥፋት?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ «ጠፍታለች» ብሎም አልነገረኝም። ዝም ብሎ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን አስገባ።

እጄ ማኪያቶው ላይ እንዳለ ቀረ። የሚያጠፋው ጌሙ ራሱ ነው ማለት ነው? ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ጌሙ የሚያጠፋው ከሁሉ አሮጌዋን ነው። ዶሮ ማነቂያን ደግሞ በዋዜማው አመሻሹ ላይ ነው ሴቭ ያደረግናት፤ ከአራቱ አዲሷ እሷ ነበረች። ጌሙ እሷን ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ወንድሜ ራሱ ነው ያጠፋት። ነውር ቢሆንም ልናገረው፣ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ላፕቶፑን ልዘጋው ስል በየከተማው ስም አጠገብ የተጻፈችውን ትንሽ ቀን አየኋት። ጌሙ የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያች ቀን ነው። ቀኗን ደግሞ ከየት ያመጣታል? ከኮምፒውተሩ ሰዓት። ያኔ አንድ መሳም ትዝ አለኝ።

አባባ የሳመኝ መሳም ነው፣ ግንባሬ ላይ። ዶሮ ማነቂያ ከመጥፋቷ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ፣ አባባ የማሽኑን ቀን ሲያማርር ሰለቸኝና እሱ ወጣ ሲል ስክሪኑ ግርጌ ያለችውን ሰዓት ነካካኋት። ወሩን በእኛ፣ ቀኑን በእኛ፣ ዓመቱን ስምንት ወደ ኋላ መልሼ በእኛ አደረግኩለት። አባባ ገብቶ ሲያየው ስቆ «አሁን ገና አገሩን አወቀ! ጎበዝ የእኔ ልጅ!» ብሎ ሳመኝ። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ነው ዶሮ ማነቂያን ሴቭ ያደረግናት፣ በእኛ አቆጣጠር። ሦስቱ ኮሳሳ መንደሮች ግን ቀደም ብለው በፈረንጅ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ለጌሙ ከተማችን በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አረጀችበት። ወንድሜ በማግስቱ የራሱን መንደር ሴቭ ሲያደርግ ጌሙ አሮጊቷን ፈልጎ አወጣት።

የላፕቶፑን ዓመት ስምንት ወደ ኋላ መለስኩት። አንዲት ከተማ ጀምሬ ዶሮ ማነቂያ ብዬ አስቀመጥኳት፤ ቀጥዬ ሌላ አስቀመጥኩ። ዝርዝሩን ስከፍት ዶሮ ማነቂያ የለችም።

«ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ጮህኩ። ኬክ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አስተናጋጁ ሮጦ መጣ፣ «ፈሰሰ እንዴ?»

ወደ ቢሮ አልተመለስኩም። መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፣ አንድ ሚኒባስ ሾፌር የሰደበኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ወንድሜ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሐብል ይቀጥላል። ሳልቀመጥ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰዓቱን፣ ዓመቱን፣ አሮጊቷን። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢያባርረኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ወረንጦውን አስቀመጠና «ታዲያ እኔ አይደለሁም?» አለኝ።

«አይደለህም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምን ማለትህ ነው? አንተ ራስህ አታውቅም እንዴ?»

«በኋላ በኋላ እኮ ራሴን ጠረጠርኩ» አለኝ። «ሁላችሁም ስትሉኝ፣ ሳላውቅ የሆነ ነገር ነክቼ ይሆናል አልኩ። እሱስ ጌም ነው። በእመቤታችን ስም በሐሰት ምዬ ከሆነስ? ለንስሐ አባቴ ሁሉ ተናግሬዋለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ስገድ አሉኝ። ሰገድኩ።» መነጽሩን አወለቀ። «አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ፤ ያሳፍረኛል። አንቺ አይተሽኛል አይደል? ምን ስነካ ነበር ያየሽኝ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ምንም አላየሁም» አልኩት። «ጀርባህን ነው ያየሁት። ሸሚዝህን። አይቼዋለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው።» ከዚያ አለቀስኩ፤ ከሱቁ የመጣች አንዲት ሙሽራ ቀለበቷን ልትለካ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው። ወንድሜ የሐብሉን ጫፍና ጫፍ ይገጣጥማል፣ ይለያያል። «ለአባባ ንገሪው» አለ። «እኔ ብነግረው የግብፁ መሐላ ነው የሚለኝ።»

አባባ ሰማንያ እየተጠጋው ነው። ያው ቤት ነው የሚኖረው፤ ከፊት ለፊታችን የነበረው ረድፍ ፈርሶ ስለተነሣ አሁን ከመስኮቱ ብዙ ሰማይ ይታየዋል። ጉልበቱ ስለማይታዘዝለት እንግዳ ሲመጣ «ኖር» ብሎ መነሣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በልጅነታችን ትልቅ ሰው ሲገባ ቶሎ ያልተነሣ ልጅ ወዮለት ነበር። አሁን እሱ ከወንበሩ የሚነሣው ለንስሐ አባቱ ብቻ ነው፤ ለእሳቸውም በከዘራና በስንት መከራ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ውሸቴንም ጭምር። እንደ ፈተና ወረቀት አዳመጠኝና «አሳዪኝ» አለኝ። አሳየሁት። «ድገሚው።» ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግመኝ ጸሐፊው ብቅ ብሎ ስለ ወንዙ ጠየቀ፤ አባባ እንደ ድሮው «ለማን ነው የራቀው» አለ፣ ድምፁ ግን የድሮው አልነበረም። ዶሮ ማነቂያ ከዝርዝሩ ስትወጣ መነጽሩን አወለቀ።

«ልጁ ግን አጥፍቻለሁ ብሎ ነበር እኮ» አለኝ።

«ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ነው ያለው አባባ።»

«ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ» አለ። ያን ያህል ዓመት አልፎ ሰዓቱን ያውቀዋል። እኔ አላውቀውም ነበር።

ሌላ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሩን በጋቢው ጫፍ መጥረግ ያዘ። እኔ ቁጡዋ ተናደድኩ። «ሌላ ምንም አትልም? አትደውልለትም?» አልኩት። «እሁድ ይመጣ የለ?» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አባት ለልጁ ይቅርታ አይልም፣ ይኸው ነው፣ እያልኩ እየተበሳጨሁ ወጣሁ።

እሁድ እኔ ቀድሜ ደርሻለሁ። አባባ የንስሐ አባቱ ሲመጡ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ካህኑ ሊመጡ ይሆናል አልኩ በልቤ። ወንድሜ ብርቱካን በፌስታል ይዞ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ገባ። አባባ ከዘራውን መሬት ተከለ። አንድ ጊዜ ሞክሮ ቁጭ አለ። ልደግፈው ስጠጋ በክርኑ መለሰኝና እንደገና ሞከረ፤ ተነሥቶ ቆመ።

«ኖር!» አለ።

ወንድሜ ማን ሽማግሌ ተከትሎት እንደገባ ሊያይ ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። ፌስታሉን እንደያዘ ዞሮ አባባን አየው። «ኧረ አባባ፣ በሞቴ፣ ጉልበትህ... ተቀመጥ እንጂ» አለ።

«አንተ ሳትቀመጥ አልቀመጥም» አለ አባባ። ከዘራው ይንቀጠቀጣል። «ኖር ብያለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«በእግዜር» አለ ወንድሜ።

መጀመሪያ እሱ ተቀመጠ።